ዱላው ረዝሟል

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፤ ካለህበት ድብ ባሕር።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእናትህ ጉልበትስ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? የላክሁላቸውን ቅባት ማታ ሲተኙ እንጂ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ እንዳይቀቡት ንገራቸው፤ ነፋስ ካገኘው ይብስባቸዋል። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል ብለውኛል፣ ደስ ብሎኛል። እኔም እዚህ ፀዳ ደህና ነኝ። ውሃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ ተማሪዎቼ ግን አይጠፉም፣ ትምህርት ቤቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ክፍት ነው። አባቴ ደህና ናቸው። ስለ አንተ አይጠይቁኝም። አለመጠየቃቸው ግን ከጥያቄ ይከብዳል።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ብደውል ትዘጋዋለህ፤ አንተ ባትዘጋው እኔ እዘጋዋለሁ። ይህን የሚያደርሱልህ ጎረቤትህ ወይዘሮ ምንዳዬ ናቸው። ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ወሬህን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ልጁ የገና ዱላውን ማገር ላይ ሰክቶታል። ሁለተኛ አልነካም ብሏል። አያ መለሰም ቢተወው ይሻላል ይላል» አሉኝ። ሻይ እየቀዳሁላቸው ነበርና ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። «ምነው ልጄ፣ ዓይኔን ያመመኝ እኔ፣ የማታዪው አንቺ» አሉኝ።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። ዱላህን ከማገሩ አውርድ ልልህ ነው የጻፍሁት። ይቅር ብዬህ አይደለም። ያደረግኸውን አልረሳሁትም፣ ከታች እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሜዳ ላይ ያየሁትን ልንገርህ፤ እሱን ከእኔ በቀር የሚነግርህ ሰው የለህም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን የጎልፍ ፊልም ያሳየን ቀን ትዝ ይልሃል? ፈረንጁ ትንሿን ነጭ ኳስ መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ። እግሩን ሰፋ አደረገ፣ መልሶ ጠበብ አደረገ፣ ጉልበቱን ለሰስ አደረገ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ክንዶቹን ከትከሻው ዝም ብሎ አንጠለጠላቸው። አንተ ከኋላ ወንበር ሆነህ «ይህ ሰው ሊመታ ነው ወይስ ሜዳ ሊወጣ» ብለህ ክፍሉን በሙሉ አሳቅኸው። እኔ አልሳቅሁም። ሁሉም ኳሷ የት እንደወደቀች ለማየት ሲንጠራራ እኔ መምህሩን ከመጀመሪያው መልስልኝ ብዬ ለመንሁት። ምቱ ራሱ እንደ ዓይን ጥቅሻ ያለፈ ነገር ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ማንም አያርመውም። የሚታረመው ከእሱ በፊት ነው፣ ሰውየው ምንም ሳያደርግ ቆሞ ሳለ።

ይህን ከፊልሙ አልተማርሁትም። ከአባቴ ጉባኤ ነው ያመጣሁት። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ተማሪው መቋሚያ ይዞ እንዴት እንደሚቆም፣ ዜማው ሲረጋና ከበሮው ሲፋጠን ሰውነቱ እንዴት አብሮ እንደሚሄድ። ልጅ ሆኜ ከጥግ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ዜማ የተሰበረበት ተማሪ ሲያጋጥማቸው ጉሮሮውን አያዩም፣ እግሩን ያያሉ። «ተረከዝህ ላይ ተኝተሃል፣ ተነሥ» ይሉታል። ልጁ ክብደቱን ወደ እግሩ መሀል ሲያመጣ ጉልበቱ ይፈታል፣ ደረቱ ይከፈታል፣ ድምፁም ይወጣል። ሴት ስለሆንሁ መቋሚያ የሰጠኝ የለም። ማየትን ግን ማንም አልከለከለኝም።

ከዚያ አንተን አየሁህ። ለገና ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ድብ ባሕር ወስደኸን ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር የድንጋዩ ካብ ላይ ቆምሁ። ሩሯ፣ የገናዋ ኳስ፣ ከሜዳ በወጣች ቁጥር መልሰው መሬት ላይ ያስቀምጧታል፣ አንተም ብቻህን ቆመህ ትመታታለህ። ትከሻህ ሲዞር ሜዳው አብሮህ የሚዞር ይመስል ነበር። እንዲያ ያለ ጉልበት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሩሯ ግን አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ታሰሩት በቅሎዎች ትሄዳለች። ካቡ ላይ ያሉ እናቶች አንተ ልትመታ ስትቆም ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ይሸሽጉ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ከአንተ ላይ መጀመሪያ የወደድሁት ስሕተትህን ነው፣ የት እንዳለ አይቼው ነበርና።

ከአዘዞ በታች ባለው ግጦሽ ላይ ስንለማመድ እንዴት እንደተከራከርኸኝ አልረሳም። «ጉልበቴን ካጠፍሁ አጥራለሁ» አልኸኝ። «ብታጥር ምን ቸገረህ፣ ሩሯ እንደሁ መሬት ላይ ናት» አልሁህ። ዱካ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሰው እንደጠራህ ሁን አልሁህ፤ አንተም ያን ሰው ረግመህ ሆንህ። ስትጎነበስ ጀርባህን እንደ ቀስት ታጎብጠው ነበር፤ ጀርባህን ቀጥ እንዳደረግህ ከታፋህ ላይ መታጠፍ እስክትለምድ ድረስ የመጥረጊያ እንጨት ከአንገትህ እስከ ወገብህ አስሬብህ የላም እረኞች ስቀውብሃል። እጅህ ዱላውን ያንቀው ነበር። ጧፍ እንደያዘ ሰው ያዘው አልሁህ፤ ጧፍ ጠበቅ ካደረጉት ይጎብጣል፣ ላላ ካደረጉት ይወድቃል። ሩሯን ከግራ ተረከዝህ ትይዩ አስቀመጥንልህ። ክብደትህንም ከጣትህም ከተረከዝህም አንሥተህ በእግርህ መሀል ላይ አሳረፍኸው።

የመጨረሻው ዱላው ነበር። ቀጥ አድርጌ አቆምሁህ፣ ክንድህን እንድትለቅ ነገርሁህ፣ ከመሬት እስከ እጅህ አንጓ በክር ለካሁህ፣ ልኩ ላይም ቋጠርሁት። በዚያ ክር ዱላህን ቆረጥሁ። ዱላ ሲረዝም ሰው ሳያውቀው ይቃናል፤ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ሩሯም ወይ ከአናቷ ትመታለች ወይ ትሳታለች። ሲያጥር ደግሞ ሰውየው የወደቀ ሳንቲም የሚፈልግ ይመስላል። ልኩ ሲሆን ግን ሰውነት ሳይታዘዝ ቦታውን ያገኛል።

ያን ቀን የመታኸው ምት ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር። ሩሯ ከሣሩ እንደ ቆቅ ተነሥታ፣ ዝቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። አንተ አላየሃትም። እንደነገርሁህ የነበረችበትን ሣር እያየህ ቀረህ። ቆይተህ ቀና ስትል ሩሯን አልፈለግሃትም፤ እኔን ነው ያየኸኝ። ስንት ሰው የተባለውን ይሰማል፣ እሺም ይላል፣ ሲመታ ግን የለመደውን ይመታል። አንተ ግን ከልጅነትህ የኖርህበትን አቋቋም አፍርሰህ እንደገና የተሠራህ ሰው ነህ፣ ያውም በሴት ቃል፣ እረኛ እየሳቀብህ። ይህን እስከ ዛሬ አደንቅልሃለሁ። የተናደድሁብህም ስለዚህ ነው። እንዲያ መታጠፍ የሚችል ሰው ሌላ ቦታ ላይ ለምን እንደ ደረቅ እንጨት እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ጓደኞችህ እያፈሩ ወደ እናትህ ቤት መጡ፣ እያንዳንዳቸውን ለካሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ዱላቸውን ቆረጥሁ። ለገና አዲ አርቃዮች መጡ። ሴት ሜዳ ስለማትገባ እኔ ከካቡ ላይ፣ ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ልትመታ ስትል ወደ እኔ ትዞራለህ፣ እኔ መዳፌን ዝቅ አደርጋለሁ፣ አንተም ጉልበትህን ትፈታለህ፤ ከዚያ ፊትህን ወደ ግቡ መልሰህ እግርህን ታስተካክላለህ። አሸነፍን። አገሩ ሁሉ በጭፈራ ከቤት ቤት ሲዞር እናትህ አቅፈውኝ «ልጄን ቁመት ሰጠሽው» አሉኝ። እኔ እንኳ ያደረግሁት ማሳጠር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎችህ አባቴ ቤት መጡ፣ ቀለበትም ታሰረ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ፤ ብዘለው እኔን አልመስልም።

ባለፈው ዓመት ተሸነፋችሁ። ሰው ይሸነፋል። ግማሾቹ ታመው ነበር፣ ሌሎቹም ሳይለማመዱ የመጡ ነበሩ። ይህ ግን ለጨዋታችሁ ሽማግሌ፣ ለአያ መለሰ፣ ምክንያት አልሆነውም። በማግስቱ ወንዶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰበሰበ፤ እኔ እናትህን ልሰናበት መጥቼ ከቅጥሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። «ዱላችሁን ሴት ጭኗ ላይ አድርጋ ስትልገው ታይታለች። ተሻግራውም ሄዳለች። ሴት የተሻገረችው ዱላ ነፍሱ ይወጣል» አለ። ከዚያ አንተን ጠራህ። «አንተ የወንድ ልጅ፣ ሩር አመታት ያስተማረህ ማነው?» አለህ።

«ማንም። ከአባቴ ያየሁት ነው» አልህ።

አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ እግራቸው ከልጅነት ጀምሮ የማይታዘዛቸው ሰው ነበሩ። ገና ሜዳ ወርደው አያውቁም። ያን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ማንም ግን አልሳቀም። እሳት አነደዳችሁ። ዱላህን በራስህ እጅ እሳቱ ውስጥ ጣልኸው። እኔም ቀለበቱን ባመጡት ሽማግሌዎች እጅ መለስሁ። አባቴ «ምን አደረገሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አላውቃትም አለ» አልኋቸው። እሳቸው ቅዱስ ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር አሉ። «እሱ መራራ ልቅሶ አልቅሷል፤ የእኔው ገና አላለቀሰም» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ነው የማይጠይቁኝ።

አዲሶቹ ዱላዎች እንዴት እንደተቆረጡ ወይዘሮ ምንዳዬ ነግረውኛል። አያ መለሰ በጉብዝናው የተጫወተበትን ዱላ ከግድግዳው አወረደ፣ ሁላችሁም በዚያ ልክ ቆረጣችሁ። በእሱ አልፈርድበትም። በወጣትነቱ እንዴት ይመታ እንደነበር የአዲ አርቃይ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይመሰክሩለታል። አሁንም ሸምግሎ እንኳ በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ጉበኑ ይመታዋል። ያ ዱላ የእሱ ልክ ነበር፤ እሱን ሸጋ አድርጎ ያጥፈዋል። እናንተ ግን የእሱን ዱላ ስትይዙ ቁመቱን አላገኛችሁም። ደግ አባት ጫማውን ለልጆቹ ሁሉ ያወረሰ ነው የሚመስለው፤ አንዱም በልኩ አይራመድም፣ ማንም ግን ጫማው ሰፋኝ አይልም።

እኔ ደግሞ ተቀምጬ አላለቀስሁም። ወንዴን ታውቀዋለህ፣ የአዲ አርቃዮቹን አለቃ። ፀዳ ድረስ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። «አሠልጥኝን» አለኝ። «ሴት የነካችው ዱላ ነፍሱ እንደሚወጣ አልሰማህም?» አልሁት። «እኛ ቆለኞች ነን፤ የእኛን ዱላ ነፍስ ፀሐዩ ቀድሞ አውጥቶታል» አለኝ። ከስንት ወር በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ክረምቱን ትምህርት ሲዘጋ እዚያው እህቱ ቤት ከረምሁ። እያንዳንዳቸውን በክር ለካሁ። ከካብ ላይ አይደለም፤ ሜዳው ውስጥ ገብቼ፣ ከመሀላቸው ቆሜ ነው ያስተማርኋቸው። አንድም ሰው አልሞተ፣ አንድም ዱላ አልደረቀ።

ዘንድሮ ለገና ዋዜማውን አዲ አርቃይ አድሬ፣ ቅዳሴው እንደወጣ ከእነሱ ጋር በአይሱዙ ተጭኜ ድብ ባሕር መጣሁ። አየኸኝም አላየኸኝም አላውቅም፤ ከእንግዶቹ ጋር በማዶው ጠርዝ ነበርሁ። መጀመሪያ ያየሁት ካቡን ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ቆመዋል። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ግን ማንም አልቆመባትም። ቦታ ጠቧቸው እየተገፋፉ እንኳ እሷን ትተዋታል። ማን እንደከለከላቸው አላውቅም።

ከዚያ አንተ ልትመታ ቆምህ። ያን ሁሉ ቂም ይዤ መጥቼ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ይህን ሰው ምን አደረጉት ነው ያልሁት። ጉልበትህ ደርቋል። ወገብህ ቀንቷል። ሩሯን ልትመታ ሳይሆን እንግዳ ልትቀበል የወጣህ ትመስል ነበር። ከትከሻህ በላይ ያለው ግን የቀድሞው ነው፤ ያ ዝግታ፣ ያ ከመምታትህ በፊት የምትተነፍሳት አንዲት ትንፋሽ። ጥሩ ቤት መሠረቱ ተነቅሎበት ጣሪያው በቦታው እንደቀረ ዓይነት ነበር።

ከመምታትህ በፊት አንገትህ ወደ ካቡ ዞረ። ዞሮ ቆየ። ከዚያ እግርህን አስተካከልህ፤ ግን ፊትህን ወደ ግቡ ሳትመልስ ነበርና የእግርህ ጣቶች ዓይንህን ተከትለው ዞሩ፣ ትከሻህም ተከተለ። ሩሯ ሁልጊዜ ትከሻና እግር ወደተዘጋጁበት ትሄዳለች፤ ልብ ሌላ ቢያስብ ግድ የላትም። በካቡ ላይ አልፋ፣ ከዚያች ባዶ ድንጋይ ራስጌ፣ አያ መለሰ ያላጨደው ባቄላ ውስጥ ገባች። ሁለተኛውም እዚያው ገባ። በሦስተኛው የወንዴ ሰዎች ከአንተ ምት በፊት ወደ ባቄላው መሮጥ ጀመሩ። ጨዋታው ሲያልቅ የሰደቡህን ሰምተሃል፤

ሩሯን መታና ባቄላ ከተታት፣
የአያ መለሰ ሚስት ሽሮ አረገቻት።

እንኳን ሌላው፣ አያ መለሰ ራሱ ከንፈሩን ሊሰበስብ አልቻለም። በገና ቀን የተናገረ አይጠየቅም፣ የተሰደበ አይቆጣም። ያኔ ወንዴ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ የአንቺ ተራ ነው። የፈለግሽውን በይው፤ ዛሬ ማንም አይቀየምሽም» አለኝ።

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ይህን ነበር። ፍረዱልኝ ሳልል፣ ሽማግሌ ሳልለምን፣ በአደባባይ፣ አንተ ቆመህ፣ እነሱ ቆመው የምናገርበት ቀን። ቃሉን አዘጋጅቼው ነበር። አባትህን፣ እሳቱን፣ «ማንም» ያልኸውን ሁሉ በስንኝ ደርድሬ፣ መንገድ ላይ አይሱዙው ውስጥ በሆዴ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ወደ ሜዳው መሀል ገባሁ። ሴት ገባች ብሎ የተናገረ አልነበረም። ቀና ብዬ አየሁህ፤ ዱላውን ተደግፈህ ቆመህ ነበር፣ ስድቤን ልትቀበል፣ ሳትሸሽ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ዱላው ረዝሟል» አልሁ። ሌላ አልተናገርሁም።

ሰው ስድብ መስሎት ሳቀ። አያ መለሰም ከወዲያ ሆኖ «ዱላውስ ያው ነው፤ ወንዱ ነው ያጠረ» አለ፤ ይበልጥ ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ መልሱ ሸጋ ነበርና። አንተ ግን አልሳቅህም። ዱላውን አቁመህ ከጎንህ አስጠጋኸው። ጫፉ የእጅህን አንጓ አልፎ ወደ ክርንህ ተቃርቦ ነበር። ረጅም ጊዜ አየኸው። ከዚያ እኔን አየኸኝ።

በማግስቱ ማገር ላይ ሰቀልኸው አሉኝ። ጎበዝ አላልሁህም። መስቀል ቀላል ነው።

አሁን የምልህን ስማኝ። ጉልበትህ አላለቀም፣ ዓይንህም አልደከመም፣ የማንም እርግማን የለብህም። ያለብህ ዱላ ነው። እሱን ሳትቆርጥ ጉልበትህ አይታጠፍልህም፤ ስትለማመድ ብትውል፣ ስእለት ብትሳል አይሆንልህም። አውርደውና ቁረጠው። ነገር ግን ጓሮ ውስጥ ተደብቀህ አትቁረጠው። ድብ ባሕር ውስጥ ዱላ በእጅ አንጓ ልክ የሚቆርጥ ሰው አንድ እንደነበረና እሷም ሴት እንደነበረች ሁሉም ያውቃል። ያን ልክ ይዘህ ሜዳ በወጣህ ቀን ማን እንዳስተማረህ አያ መለሰ ሁለተኛ አይጠይቅህም። ይህን አውቄ ነው የምነግርህ። አማራጩ ሁለት ነው፦ ወይ በረጅሙ ዱላ ስትሳቅ ትኖራለህ፣ ወይ ቆርጠኸው ያን ቀን ያላልኸውን ትላለህ። ቃል አልጠብቅብህም። ቃል ሰምቼልሃለሁ።

ክሩን ከዚህ ጋር ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፣ ቋጠሮው እንዳለ ነው። የጓደኞችህን ክሮች እሳቱ የነደደ ቀን ወደ ፀዳ ስመለስ ጥያቸዋለሁ። ይህ እንዴት እንደቀረ አትጠይቀኝ።

ለተጋጣሚሽ ለምን ትነግሪዋለሽ ትል ይሆናል። ወንዴም ብሎኛል። ልጽፍለት ነው ስለው «አብደሻል እንዴ?» አለኝ። ደግሞ መልሶ «እንዲያው የታመመ ሰው አሸንፎ መፎከርም ያሳፍራል። ንገሪው፣ በደህናው ጊዜ እንግጠመው» አለ። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። ልጆቼም ቀላል አይምሰሉህ፤ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ያቆምኋቸው ናቸው። እኔ አንተን ማሸነፍ እፈልጋለሁ። አንተን ግን፤ የአያ መለሰን ዱላ የተሸከመውን አይደለም።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አዲ አርቃይ ትመጣላችሁ። የእነሱ ሜዳ ካብ የለውም። ዙሪያው ገላጣ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። አሠልጣኝ የፈለገበት ይቆማል። እኔ ከግባችን ጀርባ፣ ከመሀሉ ላይ እንደምቆም ለወንዴ ነግሬዋለሁ። «ከዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» ሲለኝ የተከላካዮቹን እግር ከኋላ ለማየት ነው አልሁት። አመነኝ። እውነትም ነው፣ የእነሱ እግር ከዚያ በደንብ ይታያል። ልትመታ ስትል እንደ ልማድህ ብትዞር ማንም አይከለክልህም፤ እግርህም ዓይንህን ቢከተል ግድ የለም። መዳፌን ዝቅ አላደርግልህም፤ ጉልበትህን ራስህ ታውቀዋለህ።

አምላክ የእናትህን ጉልበት ያቅናላቸው፤ የአንተን ግን እንደታጠፈ ያቆይልህ። የመንገዱን ሰላም ያምጣልን፣ ወጥታችሁ ከመቅረት ይሰውራችሁ። ለእናትህ ጉልበት ስሜ እንደምሰናበታቸው ንገራቸው። ለአያ መለሰም፣ በደህና ያቆየው፣ ባቄላውን እንዲያጭድ ንገረው።

የቀድሞ እጮኛህ፣
የቅዳሜ ተጋጣሚህ።
ፀዳ፣ ጎንደር